በጊታር ላይ ጌጥ መክተት፦ ከአጥንት፣ ከቀንድና ከዛጎል የሚሠራ ኢንሌይ ደረጃ በደረጃ

«ጊታሬ ላይ መስቀል ማስገባት እፈልጋለሁ፣ በምን ልቆፍረው?» የሚል ጥያቄ ከጎንደር ልጆች በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ የስሙን ፊደል ይፈልጋል። ሌላው የፋሲልን ግንብ። ሌላዋ ከብራና መጽሐፍ ላይ ያየችውን ሐረግ። መልሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ኢንሌይ ማለት እንጨቱን በስሱ ቆፍሮ፣ በልኩ የተቆረጠ አጥንት ወይም ዛጎል ከትቶ፣ ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ ይቆፍራል። ሥራው የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁራጩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጉድጓዱ በቁራጩ ልክ ይወጣል። ምክንያቱም አጥንቱ ቢበላሽ ሌላ አጥንት አለ፤ ያለቦታው የተቆፈረ ጊታር ግን እንደተቆፈረ ይቀራል።

የመጀመሪያ ሥራችሁን በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። ከዚያ ወደ ጊታሩ ስትሄዱ በጣም ቀላሉ ቦታ በጊታሩ ራስ (የክር ማጥበቂያዎቹ ባሉበት ጫፍ) ላይ የአንገቱን ብረት ማስተካከያ የሚሸፍነው ትንሽ ክዳን ነው፣ ጊታራችሁ ካለው። በብሎን ይፈታል። ቢበላሽ ሌላ ትሠራላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የበሬ ቅልጥም አጥንት፣ ጥቁር ቀንድ ወይም ተቆርጦ የተዘጋጀ ዛጎል፣ ውፍረቱ ከ1.3 እስከ 2 ሚሜ
- የወርቅ ሠሪ መጋዝ ከቀጫጭን ምላጮች ጋር፣ ቁጥር 2/0 ወይም 3/0
- ትናንሽ ሞረዶች
- ስለታም ካተር፣ መርፌ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሜ ስፋት ያላት መሮ
- ካገኛችሁ ትንሽ የእጅ ትራፓኖ፣ 0.8 እና 1.6 ሚሜ መፈልፈያ ጥርሶች፣ ጥልቀት የሚቆጣጠር እግር
- ካሊፐር፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ጠመኔ፣ የወረቀት ፕላስተር
- ሁለት ቱቦ ያለው ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ፣ ኮላ
- ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 180፣ 220፣ 320፣ 400 እና 600
- ማስክና የዓይን መከላከያ መነጽር

የመጋዙን ምላጭ ፒያሳ ያሉ ወርቅና ብር ሠሪዎችን ጠይቁ፣ ራሳቸው የሚሠሩበት ነው። አጥንቱ ከሥጋ ቤት ነው፣ ቀንዱ ዋንጫ ከሚሠሩ ሰዎች። ዛጎል ከውጭ ካልመጣ ይቸግራል፣ ግን አያሳስባችሁ። በጥቁር እንጨት ላይ በደንብ የተሠራ አጥንት ከማንም ዛጎል አያንስም። የዝሆን ጥርስ አምጥቶ «ይቺን ክተትልኝ» የሚላችሁ ካለ እምቢ በሉት፣ ንግዱ ክልክል ነው።

1. የትና ምን ያህል እንደሆነ ወስኑ

ጸብ የሚነሳው እዚህ ነው። አንዳንዱ ሙልጭ ያለ ጊታር ይወዳል፣ ከጎን ካሉት ነጠብጣቦች ሌላ ምንም አይፈልግም። ሌላው ካላብረቀረቀ ጊታር አይመስለውም። ሁለቱም መብታቸው ነው። በድምፅ ግን አትከራከሩ። በራሱና በፍሬትቦርዱ (ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች በተተከሉበት የአንገቱ ገጽ) ላይ የሚገባ ስስ ጌጥ ድምፁን በጆሮ በሚለይ መጠን አይለውጠውም። ማርቲን የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ዲ-28 እና ዲ-45 የሚላቸው ጊታሮች ሁለቱም ፊታቸው ስፕሩስ፣ ጀርባቸው ሮዝውድ የሚባል እንጨት ነው። በዓይን የሚለያቸው በዋናነት በዲ-45 ዙሪያ የተከተተው አባሎኒ የሚባል አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ዛጎል ነው።

የጊታሩ የፊት ገጽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሜ ገደማ ብቻ ነው፣ ከሥሩም ደጋፊ እንጨቶች አሉ። ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) አካባቢ ክሮቹ ስበው ሊያነሱት ይታገላሉ። እዚያ አትቆፍሩ። በቃ።

ንድፉን በወረቀት ቆርጣችሁ በፕላስተር ለጥፉና ለጥቂት ቀናት እየተጫወታችሁ እዩት። ለሰው የምትሠሩም ከሆነ ወረቀቱን ለጥፋችሁ ስጡት። ዛሬ አምስት ቦታ የፈለገ ሰው ከሳምንት በኋላ «12ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ይበቃል» ሊል ይችላል። መስቀል ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምሽት ቤት የሚጫወት ሰው መሣሪያው ላይ መስቀል መኖሩ ቤተሰቡን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ከተከተተ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው።

ልኩ ላይ ተጠንቀቁ። የክሩ ርዝመት 650 ሚሜ በሆነ ጊታር በ4ኛውና በ5ኛው ፍሬት መካከል 29 ሚሜ ያህል ቦታ አለ፣ በ11ኛውና በ12ኛው መካከል ግን 19 ሚሜ ብቻ። ከእያንዳንዱ ፍሬት ቢያንስ 3 ሚሜ ራቁ። የፍሬቱ ሥር እንጨቱ ውስጥ 2 ሚሜ ያህል ይገባል፣ ጉድጓዳችሁ ከነካው ፍሬቱ ይላላል። ስለዚህ እዚያ ላይ ያላችሁ ቦታ 13 ሚሜ ነው።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ፊቱ በዓይኑ ነው የሚያምረው። በ13 ሚሜ ውስጥ ዓይን በመጋዝ አይወጣም፣ ከሩቅም ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየው። እሱን ለራሱ ሰፊ ቦታ ተዉት። የፋሲል ግንብ በጥላ መልክ ጥሩ ይወጣል፦ ድቡልቡል ማማዎቹና ጉልላታቸው ለመጋዝ ይመቻሉ። አስቸጋሪዎቹ ከላይ ያሉት አራት ማዕዘን ጥርሶች ናቸው። ቀንሷቸው፣ አተልቋቸው።

2. ጊታሩን መርምሩ

ክሮቹን ሁሉንም በእኩል አላሉ። የፊት ገጹን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። ከዚያ አልኮል የነካ ጥጥ ወስዳችሁ የፍሬትቦርዱን ዳር፣ የማይታይ ቦታ ላይ ጠረግ አድርጉ። ጥጡ ከጠቆረ እንጨቱ የተቀባ ነው። ርካሽ ጊታሮች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ይህን ማወቅ ያለባችሁ በመጨረሻ ስትፈትጉት ቀለሙ ተነስቶ በጌጡ ዙሪያ ገርጣ ያለ ክብ ስለሚቀር ነው። ያኔ መልሶ ማጥቆር ግድ ይሆናል፣ ወይም ሥራውን ወደ ራሱ አዙሩት። አልኮሉን ቫርኒሽ የተቀባ ቦታ አታስነኩ፣ አንዳንዱን ቫርኒሽ ያሟሟዋል።

የአንገቱን ብረት ማስተካከያ ቀዳዳም ፈልጉ። ራሱ ላይ ከሆነ በዙሪያው ያለው እንጨት ስስ ነው፣ ከዚያ ራቁ።

3. አጥንቱን አዘጋጁ

ሥጋውንና መቅኑን አጽዱ። ፈሳሽ ሳሙና ባለው ውኃ ለስ ባለ እሳት ቀቅሉት፣ ውኃውን እየቀየራችሁ። አታንተክትኩት። ብዙ የተንተከተከ አጥንት እንደ ጠመኔ ይሆናል፣ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። የምትፈልጉት ስቡ እንዲወጣ ነው። ስብ የቀረበት አጥንት ከወራት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫም አይዘውም። ከዚያ ከፋርማሲ በሚገኝ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ዘፍዝፉትና እንዲነጣ ተዉት። በመጨረሻ ጥላ ሥር ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይሰነጠቃል።

ተጠንቀቁ፦ በረኪና አትጠቀሙ። ወዲያው ያነጣዋል፣ ግን አጥንቱን አያይዞ የያዘውን ነገር ይበላዋል።

ቀንድ ከሆነ በፈላ ውኃ አለስልሱት፣ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል አድርጋችሁ በሞርሳ ጥብቅ አድርጉት። ሳይቀዘቅዝ ከፈታችሁት ተመልሶ ይጎብጣል።

ሁለቱንም ወደ 2 ሚሜ ስንጣሪ ቁረጡ። መስታወት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሏቸው። መስታወት የምለው ፍጹም ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው፣ ጣውላ አይተካውም።

4. ቁራጩን ቁረጡ

ንድፉን በቀጭን ወረቀት ሣሉና በኮላ አጥንቱ ላይ ለጥፉት። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በሞርሳ ጣውላ አጥብቁ፣ ጣውላው ጫፉ ላይ እንደ ቪ የተቆረጠ ይሁን። ቁራጩ በዚያ ክፍት ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፣ መጋዙ በመሃሉ ይወርዳል።

የምላጩ ጥርስ ወደ ታች ይታይ። ስትስቡ ይቆርጣል፣ ስትመልሱ ያርፋል። በተቃራኒው ከገባ አጥንቱን ከጣውላው እያነሳ ይሰብረዋል። ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ካዘነበለ ከላይና ከታች የተለያየ ልክ ይወጣል። የሻማ ሰም ቀባ አድርጉት፣ ሳይጮህ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ መጋዙን ሳይሆን አጥንቱን አዙሩ፣ መጋዙ ባለበት እየተንቀሳቀሰ። ምላጭ ይሰበራል፣ የተለመደ ነው፣ ደርዘን ግዙ።

ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ቁረጡ። ቀሪውን ሞረዱ ይጨርሰው። የመስቀል ውስጥ ቀዳዳዎችን በቀጭን ፑንታ በስታችሁ፣ ምላጩን ፈትታችሁ በቀዳዳው አሳልፋችሁ መልሳችሁ እሰሩት።

ተጠንቀቁ፦ የአጥንትና የዛጎል ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ማስክ አድርጉ፣ ቦታውን በውኃ አርጥቡ፣ ብናኙን በአፍ «እፍ» አትበሉት። ልጆች ባሉበት ክፍልም አይሁን።

5. ዙሪያውን ምልክት አድርጉ

ቁራጩን በአንድ ጠብታ ኮላ ቦታው ላይ ለጊዜው ለጥፉ። ሲደርቅ በመርፌ ወይም በካተር ጫፍ ዙሪያውን አስጠግታችሁ ጫሩ። እርሳስ አይሆንም፣ የእርሳሱ ውፍረት ራሱ ክፍተት ይሆናል። ከዚያ በካተር ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ጥቁር እንጨት ላይ ጭረቱ አይታይም፣ ስለዚህ ጠመኔ አሽታችሁ ጥረጉት። ነጩ መስመሩ ውስጥ ይቀራል።

ቁራጩ የቱ ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ ከሥሩ በእርሳስ ጻፉበት። ሁለቱ ጎኖች አንድ ይመስላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም።

6. ጉድጓዱን ቆፍሩ

ጥልቀቱ ከቁራጩ ውፍረት በ0.2 ሚሜ ያነሰ ይሁን። ቁራጩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በኋላ ተፈትጎ እኩል ይሆናል። ዝቅ ብሎ ከገባ ግን እሱን ለማግኘት ሙሉውን እንጨት ልትፈትጉ ነው። ፍሬትቦርድ ብዙ ጊዜ 6 ሚሜ ገደማ ነው፣ ከ2 ሚሜ በላይ የምትወርዱበት ምክንያት የለም።

በትራፓኖ ከሆነ መሃሉን በ1.6ቱ አውጡ፣ ዳሩን በ0.8ቱ። ከመስመሩ ፀጉር ያህል ቀርታችሁ አቁሙ፣ የመጨረሻውን በካተር ቁረጡት። መፈልፈያው ክብ ስለሆነ ማዕዘን ላይ ክብ ይተዋል፣ እሱንም ካተሩ ያወጣዋል።

ትራፓኖ የሌለው ሰው በእጅ ይሥራው። በካተር ጭረቱን እየደጋገማችሁ አጥልቁ፣ ከዚያ በትንሿ መሮ ከመሃል ወደ ዳር ስስ ስስ እያደረጋችሁ አንሱ። ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መብራት ጠፋ ብላችሁ አታቆሙም።

ፍሬትቦርዱ ጎባጣ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። የናይሎን ክር ጊታር ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፣ የብረት ክሩ ግን ቅስት አለው። የቅስቱ ራዲየስ 12 ኢንች በሆነ ፍሬትቦርድ ላይ 20 ሚሜ ሰፊ የሆነ ጠፍጣፋ ቁራጭ ዳሮቹ ከእንጨቱ ገጽ ላይ ከመሃሉ ይልቅ 0.16 ሚሜ ያህል ከፍ ብለው ይቀራሉ፣ 30 ሚሜ ከሆነ 0.37 ሚሜ። ስትፈትጉ የሚሳሳው ዳሩ ነው። ለዚህ ነው ሰፊ ጌጥ ወፈር ያለ ቁራጭ የሚፈልገው።

7. ሞክሩት፣ አትግፉት

ቁራጩ በጣት ጫና ብቻ መግባት አለበት። በመዶሻ ካስገባችሁት ወይ አጥንቱ ይሰበራል ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የት እንደያዘ ለማወቅ የቁራጩን ዳር እርሳስ ቀቡት፣ አስነክታችሁ አንሱት። ጥቁር ያረፈበት ቦታ እሱ ነው። እሱን ብቻ ላጡ።

8. ለጥፉ

ከዚያው ዓይነት እንጨት ብናኝ አዘጋጁ። ጥቁር ከሆነ የዞጲ ብናኝ ጥሩ ነው። ኢፖክሲውን ቀላቅላችሁ ብናኙን ጨምሩበት፣ እንደ ወፍራም ገንፎ እስኪሆን። ጉድጓዱ ውስጥ በስቴኪኒ ቀቡ፣ ቁራጩን ቀስ ብላችሁ ጫኑ፣ ድብልቁ በዙሪያው ሽቅብ ይውጣ። ካልወጣ ከሥር አየር ቀርቷል። ብናኙ የሚጨመረው ቀሪው ክፍተት እንጨት እንዲመስል ነው። ሙጫ ብናኝን ያጠቁራል፣ ስለዚህ ለቡናማ እንጨት የብናኙን ቀለም አንድ ደረጃ ፈካ አድርጉ።

ላዩ ላይ ፕላስቲክ አድርጋችሁ በጣውላ ጫን አድርጉት። 24 ሰዓት አትንኩት። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ኢፖክሲው ዘግየት ሊል ይችላል፣ ከሙቀት ምንጭ አጠገብ ግን አታስቀምጡት።

ሱፐር ግሉም ይሠራል፣ ፈጣን ነው። ግን ነጣ ባለ እንጨት ላይ ሥር ሥሩን ይሰርግና እድፍ ይተዋል። ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም።

ስለ ወቅቱ፦ በሐምሌና ነሐሴ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋው ይኮማተራል። አጥንትና ዛጎል እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ትንሽ ነጥብ ከሆነ ግድ የለም። ሰፊ ጌጥ ከሆነ ግን ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ሥሩት፣ ጊታሩና ቁራጩም ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰንብቱ።

9. ፈትጉና እኩል አድርጉ

በፍሬቶቹ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ብቻ ይዛችሁ አትፈትጉ። እንጨቱ ከአጥንቱ ይልቅ ቶሎ ይበላል፣ ጣትም ለስላሳ ስለሆነ ይከተለዋል፣ በጌጡ ዙሪያ ጉድጓድ ይቀራል። ሁልጊዜ በጠንካራ እንጨት ላይ ጠቅልሉት።

ቅስት ላለው ፍሬትቦርድ የራሳችሁን መፈተጊያ መሥራት ትችላላችሁ። ብርጭቆ ወረቀት በፍሬቶቹ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉ። ትንሽ እንጨት በአንገቱ አቅጣጫ እየሄዳችሁ እየመጣችሁ ፈትጉበት። እንጨቱ የፍሬትቦርዱን ቅስት ይይዛል። ከዚያ ከፍሬት እስከ ፍሬት ያለው ክፍተት ውስጥ እንዲገባ አጥብባችሁ ቁረጡት።

በ180 ጀምሩ፣ እኩል እስኪሆን። ከዚያ 220፣ 320፣ 400፣ 600። ቁጥር አትዝለሉ። የ180ው ጭረት በ600 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ፍንትው ብሎ ይወጣል። አቅጣጫችሁ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር ይሁን።

10. ስስ መስመሮችን ቅረጹ

የመልአክ ዓይን፣ የሐረግ ጠለፋ፣ የግንብ መስኮት፣ እነዚህ በመጋዝ ሳይሆን በመቅረጽ ነው የሚወጡት። በሹል ብረት አጥንቱን ጫሩ፣ ጥቁር ቀለም ወይም ከሰል የተቀላቀለበት ኢፖክሲ ሙሉበት፣ ሲደርቅ በ600 ጠረግ አድርጉት። ጭረቱ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ ከላይ ያለው ይሄዳል። ከፈተጋ በፊት ከቀረጻችሁ ግን ፈተጋው ያጠፋዋል።

11. ጨርሱ

ቫርኒሽ የሌለው ፍሬትቦርድ ላይ የተልባ ዘይት በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉ። ራሱ ላይ ከሆነ ቫርኒሹን በስሱ መልሱ፣ ደጋግማችሁ።

ተጠንቀቁ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ከዚያ ጣሉት።

የተበላሸን ማስተካከል

ክፍተት ከቀረ፦ ብናኝ ሙሉበት፣ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል አድርጉ፣ ፈትጉ። ፀጉር ያህል ክፍተት በዚህ ይጠፋል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ብናኙ ራሱ ይታያል፣ ቁራጩን ትንሽ አተልቃችሁ እንደገና ቁረጡት።

ቁራጩ ሰምጦ ከቀረ፦ ገና ካልተለጠፈ ከሥሩ ስስ እንጨት አድርጉለት። ከተለጠፈ ኢፖክሲ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ወፍራም ጨርቅ አድርጋችሁ የካውያ ጫፍ ቁራጩ ላይ ብቻ አሳርፉ፣ ሲላላ በካተር አንሱት። ይህን ቫርኒሽ ያለበት ቦታ ላይ አትሞክሩት።

የእንጨቱ ጫፍ ከተላጠ፦ ፍንጣሪውን ፈልጋችሁ መልሱት። ከጠፋ፣ ከዚያው እንጨት መስመሩን ጠብቃችሁ ሌላ ቁረጡ።

ክሩን ስትመልሱ አንድ ነገር ፈትሹ። ጌጡ ካለበት ቦታ በፊትና በኋላ ያሉትን ፍሬቶች እያንዳንዱን ክር እየያዛችሁ ምቱ። የሚንጫጫ ካለ ፈተጋው ላይ ፍሬቱን ነክታችሁታል ወይም የፍሬቱ ሥር ላልቷል ማለት ነው። ፍሬቱን በጣት ጫን ስትሉት ድምፁ ከጠፋ የላላው ሥሩ ነው፤ በቀጭን መርፌ ጫፍ ሱፐር ግሉ አስገብታችሁ በሞርሳ ጫን አድርጋችሁ አሳድሩት።